ሻካራው ጠጉር ቦታውን ሲያገኝ

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። ሹራብ ሠርተው ቢለብሱት ቆዳ ይቆረቁራል፤ ለሕፃን መጠቅለያ ማንም አይመርጠውም። በልስላሴ ከሜሪኖ በግ ጠጉር ጋር ቢወዳደር ይሸነፋል። ብዙ ሰው ታዲያ እዚህ ላይ ያቆምና «ጠጉራችን ጥራት የለውም» ብሎ በጉን ለሥጋው ብቻ ያረባል፤ ጠጉሩን ይጥለዋል።

ምንጣፍ የሚሠራ ሰው ግን ነገሩን የሚያየው በሌላ ወገን ነው። ምንጣፍ ይረገጣል። ወንበር ይጎተትበታል፣ እንግዳ ከነጫማው ይገባበታል፣ ልጅ ይንከባለልበታል። ለስላሳ ጠጉር ይህ ሁሉ ሲበዛበት ተኝቶ ይቀራል፤ ሻካራና ወፍራም ጠጉር ግን ተረግጦ መልሶ ይቆማል። በዓለም ገበያ የምንጣፍ ጠጉር ተብሎ ለብቻው የሚሸጠውም ሻካራው ነው። ሌላ አገር ያለ ምንጣፍ ሠሪ ገንዘብ አውጥቶ የሚፈልገውን ዓይነት ጠጉር የመንዝ በግ ለብሶት ይዞራል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። በእጃችሁ ያለ ሙያ፣ በጓሯችሁ ያለ ነገር «አይረባም» ተብሎ ከመጣሉ በፊት ለየትኛው ሥራ እንደሚረባ ይጠየቅ። ጥያቄውን በትክክል የጠየቁ ሰዎች ከቀዝቃዛው የመንዝ ደጋ ላይ ምን እንዳወጡ እንይ።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ የደሴን አስፋልት ትቶ ወደ መንዝ ይታጠፋል። ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም ወዲያ ጊሼ ይገኛሉ። ደጋው በብዙ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቡቃያውን ይመታዋል። እህሉ ገብስ፣ ሀብቱ በግ ነው። ዛፍ ስለሚያንስ ቤቱ በድንጋይ ይገነባል። እንዲህ ባለ አገር ልብስ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ነፍስ ማቆያ ነው፤ የመንዝ ሰው ልብሱን ከበጉ ጀርባ አወጣ። ዝተት ለመኝታ፣ ባና ለመደረቢያ፣ ጥቁሩ በርኖስ ለክብርና ለብርድ፣ ሁሉም ከዚያው ከሻካራው ጠጉር የተሠሩ ናቸው። ገበያ ላይ «የመንዝ ዝተት» ሲባል ሻጭ ብዙ ማብራሪያ አይጠበቅበትም። ስሙ ራሱ ይሸጠዋል።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ላይ ኖሮ፣ የሰዉን አኗኗርና አስተሳሰብ አጥንቶ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም.፣ የደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከፋብሪካው የወጣው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ብዙ የኢትዮጵያ ቤት ገብቷል። ፋብሪካው ሲመጣ የእጅ ሥራው ይጠፋል ብሎ የፈራ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር። ዳሩ ግን ደብረ ብርሃን ዛሬም በእጅ በሚሠራ የጠጉር ምንጣፍ ስሟ ይነሣል። ፋብሪካ ብዙና አንድ ዓይነት ነገር ያወጣል። አንድ ሰው ለአንድ ቤት አስቦ የሠራውን ግን ሊያወጣ አይችልም፤ ትንሿ ሱቅ የምትኖረው በዚህ ነው።

ሥራውን እስቲ ቀረብ ብለን እንመልከተው። በጉ ይሸለታል። ጠጉሩ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ የተሰካበት እሾህና ጉድፍ አንድ በአንድ ይለቀማል። ቀጥሎ በቀለሙ ይለያል፦ ጥቁሩ ለብቻ፣ ነጩ ለብቻ፣ ቡናማው ለብቻ፣ ዳለቻው ለብቻ። ይህ መለየት ቀላል ቢመስልም የምንጣፉ ውበት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ ዳለቻውን ከነጩ ጋር ያደባለቀ ሰው ኋላ ላይ ጥለቱ ይደበዝዝበታል። ከዚያ ጠጉሩ በደጋን ይነደፋል። ጅማቱ ድም ድም ሲል የተጨማደደው ይፈታል፣ አየር ይገባዋል፣ እፍኝ የማትሞላው ጉማጅ ተነፍታ እቅፍ ትሞላለች።

ቀጥሎ እንዝርት ይመጣል። የለመደች እጅ ስትፈትል ዓይን አያስፈልጋትም። እናት ከጎረቤት እያወራች፣ ምድጃ ላይ ያለውን ወጥ በአፍንጫዋ እየጠበቀች፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አንዴ ሸርተት አድርጋ ትለቀዋለች፤ ሲሽከረከር ግራ እጇ ጠጉሩን ትመጥናለች። ክሩ ከቀጠነ ጣቷ ያውቃል፤ ከወፈረም ያውቃል። ይህን ጣት ያሠለጠነው ትምህርት ቤት የለም። ዓመታት ናቸው ያሠለጠኑት። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ሴት «ምንም ሙያ የለኝም» ስትል ስሰማ እቆጫለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊማረው የሚፈልገውን ነገር ነው ምንም የምትለው።

ምንጣፍ ሲሆን ደግሞ ድሩ በቆመ ጣውላ ላይ ይወጠራል። ሠሪዋ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና ክሩን በሁለት ድር ዙሪያ ትቋጥራለች፣ ትቆርጣለች፣ እንደገና ትቋጥራለች። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ ታሳልፍና በማበጠሪያ መሰል መሣሪያ ትመታዋለች፤ ረድፉ ወርዶ ይጠብቃል። ከዚያ ሌላ ረድፍ ይቀጥላል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ምንጣፍ እንውሰድ። በየአሥር ሳንቲሜትሩ ወደ ጎንም ወደ ላይም 20 ቋጠሮ ቢኖረው፣ በወርዱ 200፣ በቁመቱ 300 ይሆናል። ሲባዛ 60,000 ቋጠሮ ነው። በደቂቃ ስድስት የምትቋጥር ሴት ብትሆን 10,000 ደቂቃ ትፈልጋለች፤ ይህም 167 ሰዓት ገደማ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ 21 ቀን ይፈጅባታል። ማጠቡ፣ መንደፉ፣ መፍተሉ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ገበያ እንሂድ። ገዢዋ ምንጣፉን ታገላብጣለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትደነግጣለች። «እማማ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ» ትላለች። ሻጯም «እሺ ልጄ፣ ውሰጂው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» ብለው ይሰጣሉ። ደግነታቸው የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሃያ አንድ ቀናቸውን አብረው ሰጡ፤ ገዢዋም ስንት ቀን እንደተሰጣት አላወቀችም። እሳቸው ራሳቸው ቆጥረውት ቢሆን ኖሮ በለሰለሰ አንደበት «ልጄ፣ ይህ የሃያ አንድ ቀን ሥራ ነው፤ ነይና እንዴት እንደሚቋጠር ላሳይሽ» ይሏት ነበር። ብዙ ገዢ ይህን ሲሰማ መከራከሩን ያቆማል፤ የማያቆመውም ቢሆን ለሚገዛው ነገር ያለው ክብር ይለወጣል።

ስለዚህ የእጅ ሥራ ሱቅ ለመክፈት ያሰባችሁ፣ ከጣውላም ከክርም በፊት አንድ ደብተር ግዙ። የፈጀባችሁን ሰዓት፣ የጠጉሩን ዋጋ፣ የትራንስፖርቱን፣ የሱቁን ኪራይ ጻፉበት። ያልተጻፈ ሰዓት በነጻ የተሸጠ ሰዓት ነው። የዕቁብ ገንዘብ ስትሰበስቡ አንዲት ሳንቲም እንዳትጎድል የምትጠነቀቁትን ያህል ለጊዜያችሁም ተጠንቀቁ።

እዚህ ላይ ማንሣት ያለብኝ አንድ የቆየ ቁስል አለ። በአገራችን እጁን የሚሠራበት ሰው ለረጅም ዘመን ተዋርዶ ኖሯል። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ብረት ቀጥቃጩ የሚሰደቡበት ስም ብዙ ነበር፤ የሠሩትን የሚጠቀም ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስከሚያስነግርበት ድረስ ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡም በአብዛኛው ቀርቷል። ዝም ያለው ንቀት ግን አልወጣም። ልጁ ዲግሪ ይዞ ሥራ ሲያጣ ቤት ይቀመጣል እንጂ ከአያቱ ጎን ቁጭ ብሎ ሽመና ልማር አይልም። ይህን መስበር የሚችለው አዋጅ ሳይሆን ሠርቶ ያደገ ሰው ነው፤ ደግነቱ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉን።

ቤተልሔም ጥላሁንን አስቡ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ያደገች ሴት ናት። በሰፈሯ የሚፈትሉ፣ የሚሸምኑ፣ የሚሰፉ እጆች ሥራ አጥተው አየች። አገሩ በረባሶ ያውቃል፤ የመኪና ጎማ ቆርጦ ጫማ ማድረግ የቆየ ብልሃት ነው። እሷ ይህንኑ የድሃ ጫማ የተባለውን ወስዳ፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ አልብሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሶልሬብልስ»ን መሠረተች። ጫማው ባሕር ተሻግሮ ተሸጠ። የተጠቀመችበት ነገር ሁሉ እሷ ከመወለዷ በፊትም የነበረ ነው፤ አዲስ የሆነው አያያዟ ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው «ሳባሃር» ደግሞ ከሐርና ከጥጥ በእጅ የሚፈተል፣ በእጅ የሚሸመን ጨርቅ ይሠራል፤ ከአንገት ልብስ አልፎ ለቤት የሚሆን የጠረጴዛ ልብስና መሸፈኛ እያወጣ ለውጭ ገበያ ይልካል። ወደ እንጦጦ ስትወጡ የቀድሞ የማገዶ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አለ። ከጋራው ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ እናቶች ሽመና ይዘው ተቀምጠዋል። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴት ጀርባ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው፣ አንዲት እናት ከዚያ ሸክም ወጥታ በሠራችው ጨርቅ ስትኮራ ማየት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ከአገር ውጭ ደግሞ ለመንዝ በጣም የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ፣ ነፋስ የማይለያቸው ቀዝቃዛ ደሴቶች ላይ፣ የበግ ጠጉር በየቤቱ ይሸመን ነበር፤ እሱም ወፍራምና ሻካራ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሌዲ ዳንሞር የተባለች የመሬት ባላባት ሴት የድሆቹን ሸማኔዎች ጨርቅ ለመኳንንት ጓደኞቿ አሳየች፤ ለአደንና ለብርድ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። በአገሩ ስም ሐሪስ ትዊድ ተባለ። ዛሬ ያ ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ጨርቁ በዚያው ደሴቶች ላይ፣ በነዋሪዎቹ እጅ፣ በቤታቸው ካልተሸመነ በስሙ እንዳይጠራ ይከለክላል። ለስላሳ ለማድረግ አልደከሙም። ሻካራነቱን ይዘው፣ አገሩን ስሙ ላይ ጽፈው ሸጡት።

እኛስ? ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳማንና የሐረርን ቡና ስም የራሷ ለማድረግ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስለዚህ የአገር ስም ሀብት መሆኑን እናውቃለን፤ እንዴት እንደሚጠበቅም አይተናል። «የመንዝ ምንጣፍ» የሚለው ስም ደግሞ ማንም ሳያስተዋውቀው ሕዝብ አፍ ውስጥ ያለ ስም ነው። ሸማኔዎቹና ሱቆቹ በማኅበር ተሰባስበው ስሙን በጋራ ምልክት ቢያስጠብቁት እንዴት ባማረ! እስከዚያው ግን እያንዳንዷ ትንሽ ሱቅ የራሷን ድርሻ መወጣት ትችላለች፦ በምንጣፉ ጀርባ ላይ ጨርቅ ሰፍቶ የት እንደተሠራ፣ ከምን ጠጉር፣ በማን እጅ እንደሆነ መጻፍ። ገዢ ቤቱ ወስዶ እንግዳ ሲጠይቀው የሚያነብለት ነገር ይኖረዋል፤ ያቺ ቁራጭ ጨርቅ ሱቁ በሌለበት ሱቁን ትሸጣለች።

እስካሁን ለሚሠሩት ነው የተናገርኩት፤ አሁን ቤታቸውን ማስዋብ ለሚፈልጉት ልመለስ። እውነቱን ለመናገር አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

ኮንዶሚኒየም የገባ ወጣት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገውን እናውቃለን። ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ የፋብሪካ ምንጣፍ፣ ከዚያ የፕላስቲክ አበባ። ቤቱ ይሞላል፤ የጎረቤቱን ቤት ይመስላል፤ የጎረቤቱም የላይኛውን ፎቅ። ከልባችሁ የምትወዱት ቤት የተሻለ ይገባዋል። ለአንድ ክፍል አንድ ዋና ነገር ምረጡ። ሳሎን ውስጥ የጠጉር ምንጣፍ ካነጠፋችሁ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል፤ መጋረጃው አንድ ቀለም ይሁን፣ ግድግዳው ይረፍ። ያልተነከረ ጠጉር ጥቁርና ነጭ፣ ቡናማና ዳለቻ ስለሆነ ከየትኛውም ሶፋ ጋር አይጣላም። እኔ ጥቁሩን ከዳለቻው ጋር አጣምሮ፣ ነጩን ለጥለቱ ብቻ የቆጠበ ምንጣፍ ከሁሉም አብልጬ እወዳለሁ፤ ዓይን ቶሎ አይጠግበውም።

ጠጉር ከጌጥነቱ ሌላ ለቤት የሚሠራው ሥራ አለው። የሲሚንቶ ወለል በክረምት እግር ይበላል፤ ጠጉር ሙቀት ይይዛል። እርጥበትን የክብደቱን ሲሦ ያህል ጠጥቶ እንኳ ሲነኩት እርጥብ አይመስልም። እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ቢይዘውም እንደ ናይለን ቀልጦ አይጣበቅም። ድምፅ ይውጣል፤ ልጆች ሲሯሯጡ የታችኛው ጎረቤት ያመሰግናችኋል።

ዝተቱንም አልጋ ላይ ብቻ አትወስኑት። አሮጌ የእናት ዝተት በሳጥን ውስጥ ታጥፎ ብል ከሚበላው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ለክፍሉ ግርማ ይሰጠዋል። ከተቀደደ ጤነኛው ክፍል ተቆርጦ የትራስ ልብስ ይሆናል፤ የወንበር መቀመጫ ይሆናል። በመንዝ ቤት መደብ ላይ አጎዛና ዝተት ተነጥፎ እንግዳ ሲቀመጥ የነበረው ምቾት በከተማ ቤትም ይቻላል፦ በመስኮት ሥር ዝቅ ያለ አግዳሚ አሠርታችሁ፣ በዝተት ሸፍናችሁ፣ ሁለት ትራስ ጣል ብታደርጉበት ቡና የሚጠጣው እዚያ ላይ ይሆናል። አጠገቡ መሶብ ይቁም። አክርማው፣ ሰንደዶውና አለላው ሲደበላለቅ የሚሰጠው ቀለም የጠጉሩን ጭምትነት ያደምቀዋል። ስፌቱን ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡና ከሥሩ እዩት፤ ወስፌው በየቦታው እኩል የገባበት፣ ክፍተት የሌለው ስፌት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

አያያዙን ካላወቃችሁ ግን ገንዘባችሁ ይባክናል። የጠጉር ነገር ትኩስ ውኃ አይወድም፤ ይኮማተራል፤ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና እጠቡት፣ አትጠምዝዙት። ብል የሚያጠቃው ጨለማ ውስጥ የተተወውን ነው፤ በየጊዜው አውጥታችሁ ፀሐይ አሙቁት፣ አራግፉት። ምንጣፉን በዓመት ሁለቴ አዙሩት፣ በር አጠገብ ያለው ጫፍ ብቻውን እንዳያልቅ። ይህን ምክር ለእያንዳንዱ ገዢ በቃል የሚናገር ባለሱቅ ከዓመታት በኋላም ያው ገዢ ተመልሶ ይመጣለታል።

ወደ ሠሪዎቹ ልመለስና ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር ልበል። ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ ጓሳ አለ፤ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ የሣር ምድር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ስላለበት ቱሪስት ያውቀዋል። ለአካባቢው ሰው ግን ጓሳ መጀመሪያ ሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ በዝናብ የሚደርበው ጌሳ ይሠራበታል። ይህን ሣር ሕዝቡ ቀሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ለ400 ዓመታት ያህል ጠብቆታል፤ ሣሩ እስኪደርስ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ በሥርዓት ይከፈታል፣ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልቀረም፤ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመው።

ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ትዕግሥታቸው ነው። ቤታቸው እያፈሰሰ፣ ሣሩ ከፊታቸው እየተወዛወዘ፣ «ገና አልደረሰም» ብለው ጠበቁ። የእጅ ሥራ ንግድም ይህን ልብ ይፈልጋል። ጥሩ ጠጉር ያለውን በግ ለፋሲካ ከማረድ ለዘር ማቆየት፣ ክሩ ሳይጠብቅ ለገበያ አለመቸኮል፣ ለአንድ ደንበኛ የተበላሸ ምንጣፍ ከመስጠት ፈትቶ እንደገና መቋጠር።

ያለፉት ዓመታት መንዝና ደብረ ብርሃን ለሚገኙበት ለሰሜን ሸዋ ቀላል አልነበሩም። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይቀራል፤ እንግዳ ሲቀር ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ይህን በማለፍ ላይ ላሉ ሠሪዎች «በርቱ» ብሎ መሄድ አይበቃም፤ በርቀት ያለን ሰዎች ልንገዛቸው ይገባል። ሠርግ ሲኖር፣ ወዳጅ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የምንሰጠው ስጦታ ከፋብሪካ ሳጥን ከሚወጣ ከደብረ ብርሃን ሱቅ ቢወጣ ምን ይጎድላል? ቨርጂኒያ ወይም ስቶክሆልም ያለ ሐበሻ ቤት ውስጥ የተነጠፈ የመንዝ ምንጣፍ ለዚያ ቤት ልጆች አገራቸውን በእግራቸው ያስረግጣቸዋል።

ለመጀመር ለምታስቡ የመጨረሻ ምክሬ ይኸው። ትልቁን ምንጣፍ ተዉት። አርባ ሳንቲሜትር በአርባ ሳንቲሜትር የሆነ የወንበር ምንጣፍ ሥሩ፤ ቀደም ሲል በቆጠርነው አቆጣጠር 80 በ80፣ ማለትም 6,400 ቋጠሮ ነው፣ ጀማሪም ይወጣዋል። ጥለቱን አታብዙ፤ ጥቁር መደብ ላይ አንድ ነጭ መስቀል ወይም ጥርስ መሰል ዳር ይበቃል። የመጀመሪያውን አትሽጡት፤ ቤታችሁ ወንበር ላይ አድርጉትና ለሦስት ወር ተቀመጡበት፣ የት እንደላላ፣ የት እንደተነቀለ እዩ። ሁለተኛውን እውነቱን ለሚነግራችሁ ሰው አሳዩ። ስድስት ያህል ሲሞሉ ዋጋቸውን ከደብተራችሁ አውጥታችሁ፣ ጀርባቸው ላይ ስማችሁንና አገራችሁን ሰፍታችሁ፣ የቡና ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ። ወንበር ያለው ሰው ሁሉ ገዢያችሁ ነው። ጠጉሩ ከመሸለቻው ወቅት በኋላ ይረክሳልና ያኔ ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ጥቁሩን ከነጩ አስበልጣችሁ ያዙ፣ ለመደቡ ብዙ ይጠይቃል።